ጣታችሁ ይባረክ

ሰውን በሥራው ማመስገን የቀረበት ዘመን ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያማቸውን፣ እኔ ግን በዓይኔ አይቼ እጄን በአፌ የጫንኩላቸውን ወገኖች ዛሬ ላመሰግን ተነስቻለሁ፤ ካሜራ አንግተው ተራራማ ሀገር የሚዞሩትን። በተለይ ኔፓል የሚሄዱትን። በዓለም ላይ ከፍታቸው ከ8,000 ሜትር የሚበልጥ ተራሮች 14 ብቻ ናቸው፤ ስምንቱ በኔፓል ምድርና በድንበሯ ላይ ቆመዋል። ጥንብ ባለበት አሞራ አይጠፋም ብለው የሚያሙ አሉ። እኔ ግን ነገሩን ከአበባና ከንብ ጎን ነው የማየው።

ባለፈው ጥቅምት ከአንዱ ጋር ወደ አናፑርና አካባቢ የመውጣት ዕድል ገጥሞኛል። ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ስም አለመጥራትን የተማርኩት ከራሱ ነው።

የጓዙ ነገር ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። "እኔ ቀለል ብዬ ነው የምጓዘው" ይላል ወዳጄ፤ እውነቱን ነው። አንገቱ ላይ አንድ ካሜራ፣ እጁ ላይ አንድ የውሃ ኮዳ፣ በቃ። ሁለተኛው ካሜራ፣ አራቱ ሌንሶች፣ ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ድሮኑ፣ የድሮኑ ባትሪዎችና የወዳጄ ሦስት ጃኬቶች ግን ዶኮ በሚባል የቀርከሃ ቅርጫት ታጭቀው፣ ናምሎ በሚሉት ጠፍር ከሌላ ሰው ግንባር ላይ ተንጠልጥለው ዳገቱን ይወጣሉ። ሰውየው ያደረገው ነጠላ ጫማ ነው። ወዳጄ ይህን ሲያይ ሆዱ ባባ። ተንበርክኮ 17 ጊዜ አነሳው። ጫማውን ማለቴ ነው።

"ሼርፓችን" እያለ ነበር የሚጠራው። ሼርፓ የሕዝብ ስም እንጂ የሥራ መደብ አይደለም፤ መኖሪያቸውም በአብዛኛው ወደ ኤቨረስት፣ በምሥራቁ በኩል ነው። የእኛ ሰው ማጋር ከሚባል ሌላ ሕዝብ ነበር፤ ጠይቄ ነው ያወቅኩት። ወዳጄን ግን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ማድከም ደግ አይደለም። ለእሱ ዕቃ የተሸከመ ሁሉ ሼርፓ፣ ጢሙ የረዘመ ሁሉ ጠቢብ፣ ቀይ የለበሰ ሁሉ መነኩሴ ነው። ዓለምን እንዲህ ማቅለል ሲታደሉት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከጎሬፓኒ መንደር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የራስ ባትሪ አስረን ወደ ፑን ሂል ተነሳን። 3,210 ሜትር ላይ ያለ ኮረብታ ነው፤ የፀሐይ መውጫ ይታይበታል። ከፊታችንም ከኋላችንም መብራት ብቻ ነው፤ ሰልፉ መጨረሻ የለውም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ብቸኝነትን ሊያነሳ ይጠባበቃል። ከዚያ የዳውላጊሪ 8,167 ሜትር፣ የአናፑርና 8,091 ሜትር ጫፎቻቸው ቀላ አሉ። እውነቴን ነው፣ እዚህ ላይ ሽሙጤን ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወዳጄ አፍ ለመክፈት ጊዜ አልነበረውም፤ "ጭንቅላት! ጭንቅላት!" እያለ ከፊቱ የቆሙትን ያስጎነብሳል። በኋላ የለጠፈው ፎቶ ላይ ያሉት ተራራና ሰማይ ብቻ ናቸው። ከሥሩ "እኔና ዝምታው" ብሎ ጽፎበታል። ከኋላችን ሙዚቃ ከፍቶ ሲጨፍር የነበረውን ቡድን የማስታውሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እንዲህ ያለውን ጥበብ የማያውቁ አሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የኤቨረስት ጫፍ አጠገብ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ የሚያሳይ ፎቶ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ያነሳው ኒርማል ፑርጃ የሚባል ኔፓላዊ ተራራ ወጪ ነው። ተመልከቱ እንግዲህ፣ የሀገሩን ልጅ ካሜራ ስታስይዙት ያለውን ነው የሚያነሳው! ሰልፍ ካለ ሰልፍ። ለሥነ ጥበብ ግድ የለውም።

ወዳጄ በፑን ሂል ግርግር ስለተከፋ በማግስቱ "ማንም ያልደረሰበት ቦታ ውሰደን" አለ። ተሸካሚያችን ዓይኑን ሳያሽ ከመንገዱ አውጥቶ አንድ የገደል አፋፍ ላይ አደረሰን። ቅርጫቱን አወረደ፤ ማቆሚያውን አውጥቶ ራሱ ዘረጋው። መሬቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩ፣ ጠርዛቸው በመርገጥ ብዛት የለሰለሰ። ሦስቱ እግሮች ሳይነቃነቁ ልክክ ብለው ገቡ። ከዚያ "ትንሽ ቆይ፣ ብርሃኑ ከዚያች ዛፍ ጋ ሲደርስ" ብሎ በጣቱ አሳየ፤ ቁጭ ብሎም ትምባሆውን ለኮሰ። ወዳጄ በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ። "አየህ፣ ተፈጥሮ ራሷ ቦታ አዘጋጅታ ስትጠብቀኝ?" አለኝ። አየሁ አልኩት።

ፊት ለፊታችን ማቻፑቻሬ ነበር፤ 6,993 ሜትር፣ ጫፉ እንደ ዓሣ ጭራ ለሁለት የተሰነጠቀ። የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ማደሪያ ነው ተብሎ ስለሚከበር መውጣት ክልክል ነው። ወዳጄ ለሃይማኖት ያለው አክብሮት ከፍ ያለ ስለሆነ እግሩን ሳያነሳ ድሮኑን ላከ። ኔፓል ውስጥ ድሮን ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ ግን ከሰማይ ጋር በቀጥታ ነው የሚነጋገረው። ዝምታውን የሚቀርጸው ድሮን እንደ ወፍጮ እያጓራ ሄደ፣ እያጓራ ተመለሰ።

የድሮ ሰዎች ይህ ሁሉ አልገባቸውም ነበር። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጋይ እ.ኤ.አ. በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ሲወጡ ካሜራው የነበረው ከሂላሪ ጋር ነው። ቴንዚንግን አነሳው፤ የራሱን ሳያስነሳ ወረደ። ሂላሪ እዚያ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያሳይ ፎቶ እስከ ዛሬ የለም። ወዳጄ ይህን ስነግረው ከልቡ ደነገጠ። "ታዲያ መውጣቱን ሰው በምን አመነው?" አለኝ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ የወዳጄ ጥበብ የሚለካው እዚህ ጋ ነውና። ከአንድ መንደር መውጫ ላይ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘን። የወርቅ የአፍንጫ ጌጥ፣ እንደ ታረሰ ማሳ የተሸነሸነ ፊት፤ ወዳጄ ልቡ ልትወጣ ደረሰች። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ስልክ እያወሩ ነው፣ በቪዲዮ። ተሸካሚያችን እንደነገረኝ ዶሃ ለሥራ ከሄደው ልጃቸው ጋር ነው። ወዳጄ በእጁ ምልክት ስልኩን ዝቅ እንዲያደርጉለት ለመናቸው። በጣም በትሕትና፣ ደረቱን በእጁ ይዞ። እንግዳ ነው ብለው ስልኩን ጭናቸው ላይ አስተኙት፤ ልጁ ከቀሚሳቸው እጥፋት ውስጥ ሆኖ "አማ! አማ!" ይላል። አንጸባራቂውን ሰሌዳ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በደንብ ሰምቼዋለሁ። ወዳጄ አሁንም በጣቱ ወደ ተራራው ይመልከቱ አላቸው። ተመለከቱ። ምን እንዲያዩ እንደተፈለገ ሊገባቸው አልቻለም፤ ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ተራራ ነው፤ አንድ ነገር ተገኝቶበት ይሆን ብለው ዓይናቸውን አጥብበው ፈለጉ። ያቺ ግራ መጋባት ናት በኋላ "የዘመናት ናፍቆት" በሚል ርዕስ የተለጠፈችው።

ቀጥሎ ካለው ቤት አንድ ሕፃን አቧራ ለብሶ ወጣ። ወዳጄ ሌንስ እስኪቀይር እናቱ ካሜራውን አይታ ኖሮ ሮጣ መጣች፤ ልጇን ብብቱን ይዛ አስገባችው። ከደቂቃዎች በኋላ ፊቱ ታጥቦ፣ ፀጉሩ በውሃ ተበጥሮ፣ የትምህርት ቤት ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ ደጃፉ ላይ ቆመ። እናትየው ከኋላው ሆና ኮሌታውን ታስተካክላለች። ወዳጄ ከጨዋነቱ የተነሳ አንድ አነሳላት። ከዚያ ፊልም ያለቀበት ሰው መስሎ ካሜራውን ዘጋ፤ እሷ ወደ ቤት እስክትገባ ጫማውን ሲያስር ቆየ። ልጁ ተመልሶ አቧራው ላይ እስኪንከባለል የቀረውን 20 ደቂቃ ጠብቋል። ትዕግሥት ይሉሃል ይህ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ ኤዲት አለ። ወዳጄ ተራራ በማይወጣበት ጊዜ ሰርግ ያነሳል፤ የሙሽሪትን እናት ሽብሽብ በኮምፒውተር አሥር ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይችልበታል። ለተራራ እናቶች የሚያደርገው የዚያን ግልባጭ ነው። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፤ ከዚያ አንዷን መስመር ወደ ቀኝ እየገፋ እያንዳንዱን ሽብሽብ ሸለቆ ያክላታል። ገንዘብ የከፈሉት ወጣት ይሆናሉ፣ በነፃ የተነሱት ያረጃሉ። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ነቀላቸው። የጂፕ መንገዱን ሣር አበቀለበት። ሰማያዊው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ምርር ብሎት "ይሄ ቆርቆሮ ስሜቱን ገደለው" አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጠኑ 7.8 ሆኖ የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ 9,000 ለሚጠጉ ሰዎች ሞት ምክንያት ከሆነ በኋላ፣ ብዙ ሰው ቤቱን መልሶ ያቆመው በቆርቆሮ ነው። ሲወድቅ ከድንጋይ ይቀላል። ወዳጄ ግን በሦስት ንክኪ ወደ ሣር ክዳን መለሰላቸው። የመልሶ ግንባታው ባለሥልጣኖች ቢያዩት ይደነቁ ነበር።

ጠዋት ላይ ተለጠፈ፦ "ምንም የላቸውም፣ ግን ደስተኞች ናቸው።" የካሜራውን ቁጥር አይቻለሁ፤ 1/250 ሰከንድ ይላል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ የአንድ መንደር ሕዝብ የዕድሜ ልክ ደስታ ተመዝኖ፣ የቤቱ ንብረት ተቆጥሮ፣ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ አለቀ። በደህና ቀን የሕዝብ ቆጠራ ሥራ ቢሰጡት ኖሮ የት በደረስን።

ስዊዘርላንድ ውስጥ በርጉን የምትባል የተራራ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ2017 "መንደራችን በጣም ስለምታምር ፎቶዋን ያየ ሰው እዚህ ባለመሆኑ ያዝናል" ብላ ፎቶ ማንሳት ከለከለች፤ ቅጣቱም 5 ፍራንክ። ቱሪስት ለመሳብ የተሠራ ቀልድ ነበር፣ ተሳካም። ሀብታም ተራራ አታንሱኝ ብሎ ይቀልዳል። ሌላው ተራራ ቀልዱንም አልተጠየቀም።

ስም መጠየቅን በተመለከተ ግን ወዳጄን የሚከስ ሰው ካለ መልስ አለኝ። ስቲቭ ማከሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ፓኪስታን በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ያነሳት አፍጋኒስታናዊት ልጅ፣ በማግስቱ ዓመት ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥታ አረንጓዴ ዓይኖቿ ዓለምን አፈዘዙ። ሻርባት ጉላ መባሏን ዓለም ያወቀው በ2002 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያለ ስም እንዲህ የገነነ ፎቶ፣ ስም ቢጨመርበት ምን ሊያተርፍ ነው? ወዳጄ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ለዚህ ነው መግለጫዎቹ ላይ "ጽናት"፣ "ጥበብ"፣ "ተስፋ ቁጥር 3" እያለ የሚጽፈው።

የመጨረሻዋን ማታ ፖክራ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አሳለፍን። ወዳጄ ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ስልኩ አዛውሮ እያሳየኝ ነበር። አንዱ ላይ ቋጥኙን አቋርጦ የወደቀ የሰው ጥላ አለ፤ ቅርጫት የተሸከመ። በጣቱ አሸት አሸት ሲያደርገው ጠፋ። ይሄኔ ስልኩ በራሱ ጊዜ ሥራ ጀመረ፤ ፊቶችን ከየፎቶው እየለቀመ በክብ በክብ ደረደራቸው። የመጀመሪያው ወዳጄ ራሱ ነው። ሁለተኛው የእኛ ሰው። ማንም ፎቶ ላይ ያስገባው አይመስለኝም ነበር፤ ስልኩ ግን ከጥግ ከጥጉ፣ ከወዳጄ ትከሻ ጀርባ፣ ከቅርጫት ሥር ግማሽ ፊቱን እየፈለገ 41 ቦታ አግኝቶታል። ከክቡ ሥር "ይህ ማን ነው? ስም ይጨምሩ" የሚል ባዶ ሳጥን ተከፈተ፤ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ወዳጄ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"በኋላ" የምትለዋን ነካ።