እርካታ ነው ወይስ ጽናት? ሁለት ጎጃሜዎች የተጻጻፉት ክርክር

የክርክሩ ርእስ፦ «ክርስቲያን በእምነቱ ዘላቂ እርካታ ያገኛል።» ደጋፊው ዋሸራ ከሚባለው የጎጃም ቅኔ ቤት ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ ተቃዋሚዋ ደብረ ማርቆስ የምታስተምር መምህርት ናት።

መሪጌታ፦ ዋሸራ ሳለሁ ያለኝ ሀብት አንድ ለምድ፣ አንድ አኩፋዳና አንድ ዱላ ነበር። ጧት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ እዞራለሁ፤ ውሻ ያባርረኛል፤ የተረፈኝን ቁራሽ ድርቆሽ አደርገዋለሁ። ከዚያ ጫካ ገብቼ ጉባኤ ቃና የምትባለዋን አጭር ቅኔ ስቆጥር፣ ማለትም በልቤ ሳዘጋጅ፣ እውላለሁ። ሁለት ስንኝ ብቻ ናት፤ ግን ቀኑን ትጨርሰዋለች። ማታ ለየኔታ ስነግራቸው «ሰሟ አለ፤ ወርቋ የታለ?» ይሉኛል። ያን ጊዜ ጎደለኝ ያልኩት ነገር አልነበረም። ዛሬ ደመወዝ አለኝ፣ ቤቴም ቆርቆሮ ነው፤ እንደዚያ ግን ሞልቶልኝ አያውቅም። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ብሎ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው።

መምህርት፦ መሪጌታ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ። እምነትዎ ዛሬም አለ አይደለም? ታዲያ እርካታው የት ሄደ? አብሮ የሄደው ወጣትነቱና ጓደኝነቱ ከሆነስ?

የእኔ እናት ቢቸና አጠገብ ነው የምትኖረው። በወር በ21 ማርያምን ሳትዘክር አልፋ አታውቅም፤ የሁዳዴን 55 ቀን አንድም ሳታጎድል ትጾማለች። ወንድሜ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤት «እምነት ያለው ሰው እንዲህ አይንሰፈሰፍም» አለቻት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ዝም አለች። ያ ነጠላ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። «እምነት ያረካል» ባልን ቁጥር ያዘነውን ሰው በኀዘኑ ላይ በእምነቱም እንዲያፍር እናደርገዋለን። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር ሞት እንባውን አፍስሷል። በተራራው ስብከትም ጽድቅን የሚራቡትን «ይጠግባሉና» አለ እንጂ ጠግበዋል አላለም። እናቴ ከእምነቷ ያገኘችው ጽናት ነው። ረክቻለሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

መሪጌታ፦ እኅቴ፣ የጠየቅሽኝ ልክ ነው። እምነቱ አለ፤ የተውኩት ሌሊት መነሣቱን ነው። ቅኔ ዛሬ ተምሬዋለሁ ብለው ነገ ቢተዉት ይጠፋል፤ ሐዋርያውም «ተምሬአለሁ» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። የተማሩት ነገር ካልተቀጠለ ይደርቃል። እኔ አልቀጠልኩበትም።

ያች ጎረቤት ያለችውን እኔም መቃብር ዳር ቆሜ ብዬዋለሁ። ላላልኳቸው ሰዎች አይደለም የማዝነው፤ ላልኳቸው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፦ የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ በመጣው 21 ቀን እናትሽ ምን አደረጉ?

መምህርት፦ ጠላዋን ጠመቀች፣ ዳቦዋን ደፋች፣ ጎረቤት ጠራች። ያችንም ሴት ጠርታታለች። ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያውን ለእሷ ሰጠቻት። እያለቀሰች ነው የሰጠቻት፤ ይህን እርካታ ልለው አልችልም።

መሪጌታ፦ እኔ ሌላ ስም አላውቅለትም።