የተቆለፈባት ሴት ቃሏን ትስጥ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ የታወቀን ልብ ወለድ ደራሲው ችላ ባለው ገጸ ባሕርይ አንደበት እንደ አዲስ መጻፍ ይገባል ወይስ አይገባም? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦

በ1847 የታተመውን የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» ያነበበ ሰው ከሦስተኛው ፎቅ የሚመጣውን ያን ሳቅ አይረሳውም። ለጄን የሚነገራት ሳቁ የግሬስ ፑል የምትባል ሠራተኛ መሆኑ ነው። በሠርጓ ዕለት ግን ጉዱ ይወጣል፤ ልታገባው የነበረው ሮቼስተር ሚስት አለችው፤ ያቺንም ሚስት እዚያው ቤቱ ውስጥ ቆልፎባት ይኖራል። በርታ ሜሰን ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ትናከሳለች፣ በመጨረሻም ቤቱን አቃጥላ ከጣሪያው ትወረወራለች። ስለ ራሷ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር አትናገርም። ታሪኳን የሚነግረን ባሏ ነው፤ ያውም በላይዋ ሌላ ሊያገባ ሲል የተያዘ ባል! የአንድ ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ብናይ ዝም አንልም። በርታ ላይ ግን እኛው አንባቢዎች ከመቶ ዓመት በላይ እንዲያ ፈርደናል።

በካሪቢያን ደሴቷ ዶሚኒካ ተወልዳ ያደገችው ጂን ሪስ በ1966 «ሰፊው የሳርጋሶ ባሕር»ን ስታሳትም ሁለተኛዋን ባለጉዳይ ጠራች። በእሷ መጽሐፍ የበርታ ስም አንቷኔት ነው፤ «በርታ» እያለ የሚጠራት ባሏ ነው። ይህንንም ከሜዳ አላመጣችውም። በብሮንቴ ልብ ወለድ ውስጥ ጋብቻውን በሚያጋልጠው ጽሑፍ ላይ የሴትየዋ ሙሉ ስም በርታ አንቷኔታ ሜሰን ነው። የትውልድ አገሯን ጃማይካንም፣ ከሙሽራዋ ጋር የመጣውን 30,000 ፓውንድም የጻፈችው ብሮንቴ ራሷ ናት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ተቆጥሮ ተመዝግቧል፣ ይዛው የመጣችው ሴት ግን ቃሏ የለም።

ተቃዋሚ፦

እኅቴ ከዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሁሉ ምርጡን አንሥተዋል። የሪስን ችሎታ አልክድም። ክርክሬ ከመንገዱ ጋር ነው።

«ጄን ኤር»ን የምትተርከው ጄን ናት። የምናውቀው እሷ የምታውቀውን ያህል ነው፤ የምንፈራውም እሷ የምትፈራውን ያህል። ያ ሳቅ አጥንት ሰብሮ የሚገባው ከማን እንደሚወጣ ስላላወቅን ነው። በርታ ቃሏን ብትሰጥ ኖሮ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር። እርስዎ በደል ያሉት እኔ የትረካ ጥበብ የምለውን ነው። ልብ ወለድ ችሎት አይደለም፤ ሁሉም ተራ ይዞ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ የለበትም።

ደግሞስ የሪስ መጽሐፍ ራሱ ማንን ዝም አሰኘ? ክሪስቶፊን የምትባለውን ጥቁር ሞግዚት ያስታውሱ። ባልየውን ፊት ለፊት የምትሞግተው እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ ከታሪኩ ትወጣለች፣ አትመለስም። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲዋ ጋያትሪ ስፒቫክ በ1985 ባወጣችው ጽሑፍ ይህንኑ አመልክታለች። አንዱን በር ለመክፈት ሌላው ይዘጋል። በሪስ ፈለግ የመጡትን ብዙዎቹን ሳነብ ደግሞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ የተናቀው ብልህ ይሆናል፣ የተከበረው ክፉ። ልብስ ገልብጦ መልበስ ነው፤ ስፌቱ ያው ነው።

ደጋፊ፦

የክሪስቶፊንም ይጻፋ! ይህ ለእኔ ስጋት አይደለም።

ልብስ ገልብጦ መልበስ ያሉትን ግን አልቀበልም። ሪስ ከመጽሐፏ ረጅሙን ክፍል በአብዛኛው ያስተረከችው ለማን ነው? ለባልየው። አባቱ ለገንዘብ ሲል ወደማያውቀው አገር የሰደደው፣ ግራ የተጋባ ሁለተኛ ልጅ ነው። ከእሷ የወሰደውን ስናይ ለእሱም እናዝናለን። ብሮንቴ ለበርታ ያላደረገችውን ሪስ ለሮቼስተር አደረገችለት።

ሌላም ላንሣ። በአልበር ካሙ «ባይተዋሩ» (1942) ውስጥ መርሶ ባሕር ዳር ላይ አንድ ሰው ተኩሶ ይገድላል። ሟቹ «አረቡ» ከመባል በቀር ስም የለውም። በችሎቱ እንኳ ከሰውየው ሞት ይልቅ መርሶ እናቱን ሲቀብር አለማልቀሱ ይበልጥ ያነጋግራል። አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ በ2013 ባሳተመው ልብ ወለድ የሟቹ ወንድም ሃሩን ይናገራል፤ ወንድሙንም ሙሳ ብሎ ይጠራዋል።

ተቃዋሚ፦

እዚህ ላይ ነው አጥብቄ የምከራከርዎት። «አረቡ» ስም የለውም፣ ምክንያቱም ለመርሶ ሰው አልነበረም። ያ ባዶ ቦታ የገዳዩን ልብ ያሳያል፤ አንባቢን ሊቆረቁረው ይገባል። ስም ብንሰጠው፣ እናትና ወንድም ብንጨምርለት፣ እፎይ ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን።

እኔ የማከብረው የደቡብ አፍሪካዊውን ደራሲ የጆን ኩትሲን መንገድ ነው። የዳንኤል ዲፎን «ሮቢንሰን ክሩሶ» በ1986 እንደ አዲስ ሲጽፍ አገልጋዩን ፍራይደይን ምላሱን የተቆረጠ አደረገው። ሱዛን ባርተን የምትባል ሴት ታሪኩን ልታወጣ ትደክማለች፣ አይሆንላትም። ደራሲው በሌላ ሰው አፍ መናገርን እምቢ አለ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ጨዋነት የለም።

ደጋፊ፦

ወንድሜ፣ በዳውድ መጽሐፍ እፎይታ ካገኙ እኔ ያነበብኩትን አላነበቡም። ሃሩን መጠጥ ቤት ተቀምጦ የሚተርክ፣ ምሬት የበላው ሽማግሌ ነው። እሱም በ1962 ክረምት፣ አገሩ ነፃ በወጣች ሰሞን፣ አንድ ፈረንሳዊ ገድሏል። መርማሪውም የሚቆጣው ስለ ገደለ ሳይሆን ከነፃነት በፊት ባለመግደሉ ነው። ሙሳ ስም ቢያገኝም ወንድሙ ንጹሕ ሆኖ አልወጣም።

የፍራይደይን ዝምታ እኔም አከብራለሁ። ነገር ግን ያ ዝምታ የተሰማን ኩትሲ የቆየውን ታሪክ ስለ ነካው ነው። በዲፎ መጽሐፍ ፍራይደይ ጌታው ያስተማረውን ቋንቋ እየሰባበረ ይናገራል፤ የጎደለ ነገር መኖሩም አይታወቀንም።

አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ቀድሜ ያነበብኩት የሪስን ነው። ከዚያ በኋላ «ጄን ኤር»ን ስከፍት፣ ሳቁ የተሰማበት ገጽ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ «አንቷኔት» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

ተቃዋሚ፦

አምናለሁ፤ ያም ገጽ ለእርስዎ እንደዚያ መሆኑን አልነሳዎትም። እኔ ግን ያን ገጽ ያነበብኩት በልጅነቴ፣ ማታ፣ ከጄን ጋር መተላለፊያው ላይ ቆሜ ነው፤ ማን እንደሆነች ሳላውቅ። ያን ሌሊት እርስዎ አላገኙትም። ለማንኛውም አዲስ አንባቢ ብሮንቴን አስቀድም እላለሁ። ሪስን ደግሞ፣ እርስዎ ስላስገደዱኝ፣ ከክሪስቶፊን መውጫ ጀምሬ እንደገና አነበዋለሁ።