የሀረጎ ላይ መልቀቂያ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚመለሰው የማታ ሚኒባስ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ጎረቤት አለኝ። የት እንደሚሠራ አልናገርም፤ እሱ ራሱ ለተሳፋሪው ሁሉ ሲናገር ያመሻል። ትናንት ደግሞ መኪናው ገና ሳይሞላ፣ "ወንድሜ፣ በቃኝ፤ ልለቅ ነው" አለኝ።

የሀረጎን አቀበት ስንጀምር አለቃውን ሰደበ። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር እሱም ተጠማዘዘ፦ "ቦነሱ ሳይሰጥ? የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሳያልቅ?" ጉሙ ሲቀበለን "እስከ መስከረም ልታገሥ መሰለኝ" አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽቅቡም 600 ሜትር ገደማ ይሆናል። የዚህ ሰው ቁጣ ያን ያህል አቀበት ወጥቶ አያውቅም። ፒያሳ ስንወርድ ስለ ነገ ፈረቃው ነበር የሚያወራው።

አንዳንዴ በእሱ አልፈርድም። እኛ ዘንድ መሄድ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው እንዴ? በአቦል "ልነሣ" ያለ ሰው "ኧረ ቶናው ሳይደርስ!" ይባላል። በቶና ሲነሣ "በረካውን ረግጠህ?" ተብሎ በግድ ይቀመጣል። በረካው ካለቀ በኋላ በር ላይ ቆሞ ዋናውን ወሬ ይጀምራል። ሸኚው እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩም እስከ አስፋልቱ ይከተለዋል፤ እዚያ ደርሰው ደግሞ ተሸኚው "ብቻህን አትመለስ" ብሎ ሸኚውን መልሶ ይሸኘዋል። እንዲህ ተኮትኩቶ ያደገ የወሎ ልጅ በአንድ ገጽ ማመልከቻ ከመሥሪያ ቤት ይወጣል ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ በረካ ቢቀጥንም ምርቃት አለው። የጎረቤቴ ሥራ ምን አለው?

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ይህችን ተረት እወዳታለሁ። የምወዳት ወቃጩን ስለማትሳደብ ነው። ሰነፍ ነው አትልም። ሰውየው ይወቅጣል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ሙቀጫው ይጮኻል፤ በደጅ የሚያልፍ ሁሉ "እነ እገሌ ቤት ሥራ አለ" ይላል። እምቦጩን የሚሰማው ወቃጩ ብቻ ነው። ጎረቤቴም ሰምቷል። አንድ ወር ያለፈውን ሪፖርት ቀኑን ብቻ ቀይሮ አስገባ፤ ስለ ትጋቱ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈለት። ከዚህ ሌላ ምን ምልክት ይጠብቃል? መልአክ ወርዶ እንዲነግረው ነው?

መልአክ ካልኩ አይቀር የምጠላትንም ልናገር፦ "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።" ይህችን የተረተ ሰው አለቃ መሆን አለበት። ጎረቤቴ ለራሱ ቢተርታት ዝም እል ነበር። እሱ ግን አብራው ለምትሠራ ልጅ ተረተላት። ልጅቷ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝታ ነበር። የቤት ኪራዩን ቆጠረላት፣ ብቸኝነቱን ቆጠረላት፣ የእናቷን ዕድሜ ሳይቀር ቆጠረላት። ቀረች። አሁን ሁለቱ በምሳ ሰዓት አብረው ያማርራሉ። የኑሮ ውድነቱና የሥራው መታጣት እውነት ነው፤ በዚያ ምክንያት ጥርሱን ነክሶ የሚሠራን ሰው አከብራለሁ። በየማታው ልለቅ ነው እያለ የሌላውን መንገድ የሚዘጋውን ግን አላከብርም። ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረው ዝምተኛ ሰውዬ አንድ ቀን ሳያማርር ሄደ፤ መሄዱ የታወቀው ቁልፉ ሲፈለግ ነው።

እርግጥ አንዳንድ መሥሪያ ቤት መውጫውን የሚያጠብበው ሆን ብሎ ነው። እኔም ድሮ ከአንዱ ስወጣ ክሊራንስ ሙላ ተባልኩ። ከፊርማዎቹ አንዱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊው ነበር። ቤተ መጻሕፍት የለንም። "የሌለ ኃላፊ እንዴት ይፈርማል?" ብል፣ የሰው ሀብት ሹሙ መነጽሩን አውልቆ "ቅጹ ባዶ ሆኖ አይፋይልም" አለኝ። በመጨረሻ የጥበቃው አዛውንት ፈረሙልኝ፤ "መጽሐፍ አልተዋሰም" ብለው ጭምር። እግዚአብሔር ይስጣቸው። የዚያን ሹም መነጽር ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

የጎረቤቴን ነገር ረሳሁት። መውረጃችን ሲቃረብ ሕጉን አስረዳሁት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ መልቀቅ ይችላል፤ ማስለመን የለ፣ ሽማግሌ መላክ የለ። ከፈራህም ጡረታው በ60 ዓመትህ ራሱ መጥቶ ያስወጣሃል፤ ምርጫው ያንተ ነው አልኩት። የዓመት ፈቃዱም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ሲጨመርለት ስንት እንደ ደረሰ ያውቃል፤ ያገለገለበትን ዘመን የሚቆጥረው በእሱ ነው።

በጥሞና አዳመጠኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር አየሁ። ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ በሠላሳው ቀን ውስጥ እሑዶቹ ይቆጠሩ እንደ ሆነ ጠየቀኝ።