ታራሚውን ማን ያናግረው?

ሐዋሳ ላይ የተነሳው ጥያቄ፦ በማረሚያ ተቋም የሥነ ልቦና ድጋፍ ለመጀመር ታራሚዎችን ማሠልጠን ይቅደም ወይስ ባለሙያ መቅጠር?

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦ ባለሙያ እስኪቀጠር እንጠብቅ ማለት እንተወው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ላልሆኑ ሰዎች ያዘጋጀው ዘዴ አለ፤ በሳምንት አንዴ፣ 90 ደቂቃ፣ 5 ጊዜ። ትንፋሽን ማረጋጋት፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት፣ ከተኙበት ተነስቶ ትንሽ ነገር መሥራት፣ የሚደግፍ ሰው መፈለግ። ዲግሪ አይጠይቅም። ማታ ከቆጠራ በኋላ በሩ ሲዘጋ ከታራሚው ጋር የሚያድረው ታራሚ ነው። በየቤቱ ካቦ፣ የታራሚዎች አለቃ የሆነ ታራሚ፣ አለ፤ እሱን ማሠልጠን ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያው፦ ካቦን? መኝታ የሚደለድል፣ ጥፋተኛ የሚያስመዘግብ ሰው ፊት ማን ነው «መኖር አስጠላኝ» የሚለው? የድብርት መጠይቁ 9 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። ጠያቂው ካቦ ከሆነ ሁሉም «በፍጹም» ይላል፤ ድምሩ ይወርዳል፣ ሪፖርቱ ያምራል። አስጊው ጊዜ ደግሞ ገና እንደገቡና ፍርድ በተሰማ ሰሞን ነው። የእርስዎ 5 ሳምንት እስኪያልቅ ማን ይቆያል?

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦ አንዲት ቃል መዘው ያዙ። እሺ፣ ታራሚዎቹ የሚያምኑትን ይምረጡ። ስለ ሌሊቱ ግን አልመለሱልኝም።

የሥነ ልቦና ባለሙያው፦ «ይምረጡ» ቢባል ማን ሊመረጥ ነው? ያው ካቦው! የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ ቁጥር 78 ላይ እኮ በግልጽ ተቋሙ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይኑረው ይላል።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦ «በተቻለ መጠን» የምትለዋን ዘለሏት። እዚያው አጠገብ ማኅበራዊ ሠራተኛም ተጽፏል፤ እሱንም ዘለሉት፤ ለምደነዋል። ይልቅ ባለሙያዎ የጻፈው ማስታወሻ የት ያድራል? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው አመክሮ ሲጠየቅለት ጠባዩ ይታያል። የተቋሙ ደመወዝተኛ የሰማው ሁሉ እዚያ ፋይል ውስጥ አይገባም ብሎ የሚያምን ታራሚ ያምጡልኝ።

የሥነ ልቦና ባለሙያው፦ ታዲያ ባለሙያውን ጤና ቢሮ ይመድበው፤ መዝገቡም በክሊኒኩ ይቆለፍ። ካቦ ምሥጢር ከሚይዝ ይሻላል።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦ አሁን ስለ ቅጥር መሆኑ ቀርቶ ስለ ቁልፍ ሆነ! ይሁን። ጠባቂው ከበሩ ራቅ ብሎ ይቁም፤ እያየ፣ ሳይሰማ። አስተዳደሩ በደብዳቤ ቢጠይቅም ታራሚው ካልፈቀደ፣ የሰው ሕይወትም አደጋ ላይ ካልሆነ፣ ከቀረበበት ቀንና ሰዓት በቀር አንድ መስመር አይውጣ።