መዝገቡ የት ነው የሚቀመጠው?

ቅዳሜ ቡና ላይ አራት ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት ነው። አንዷ ጠበቃ ናት። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወጣቱ መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር ቅርንጫፍ ሊከፍት መሆኑን በደስታ ነገረን።

«የዚያ አገር መንግሥት የደንበኞቻችሁን መረጃ ስጡኝ ቢላችሁስ?» አለችው ጠበቃዋ።

«እንሰጣለና! እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ።»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ሺ ታዎ የሚባል ሰው ታውቃለህ?»

አያውቅም። ነገሩት። ሺ ታዎ ቻንግሻ በምትባል የቻይና ከተማ ጋዜጠኛ ነበር። በፈረንጆች 2004፣ ቤጂንግ ውስጥ ሰልፈኞች የተገደሉበት የቲያናንመን ግድያ 15ኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ጋዜጦች እንዲጠነቀቁ የሚያዝ መመሪያ ከላይ ወረደ። እሱ የያዘውን ማስታወሻ በያሁ ኢሜይሉ ኒው ዮርክ ላለ የዴሞክራሲ ድረ ገጽ ላከው። ፖሊስ የአሜሪካውን ኩባንያ ያሁን ጠየቀ፤ ያሁም መዝገቡን ሰጠ። መዝገቡ ኢሜይሉ ኤፕሪል 20፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ፣ ከጋዜጣው ቢሮ መስመር መከፈቱን ያሳያል። 10 ዓመት ተፈረደበት።

«ጋሼ፣ ያሳዝናል። ግን እምቢ ቢሉ ማን ነው የሚታሰረው?» አለ ወጣቱ። «አለቃው ካሊፎርኒያ ነው ያለው። የሚታሰረው ቤጂንግ ቢሮ የተቀመጠው ልጅ ነው። ደግሞ ፖሊስ ለምን እንደሚፈልገው ላያውቁ ይችላሉ።»

ይህን ሲል ዝም አልኩ። ስለ ሠራተኛው ያለው እውነት ነው።

ጠበቃዋ ግን አልለቀቀችውም። «ያሁዎች አናውቅም ያሉትማ በ2006 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ነው። በኋላ የፖሊሱ ወረቀት ሲወጣ ጉዳዩ የመንግሥት ምስጢር ለውጭ አካል መስጠት እንደሆነ ይናገራል። ያን ቃል ያየ የሕግ ሰው ምን እንደሚከተል ይገባዋል።» በኖቬምበር 2007 እንደገና ተጠሩ። ከናዚዎች እጅ የተረፉት የኮሚቴው ሰብሳቢ ቶም ላንቶስ በቴክኖሎጂና በገንዘብ ግዙፍ፣ በሞራል ግን ድንክ ናችሁ አሏቸው። የሺ ታዎ እናት እዚያው አዳራሽ፣ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። የያሁ መሥራች ጄሪ ያንግ ዞሮ አጎነበሰላቸው። በዚያው ወር ኩባንያው የሺ ታዎና የሌላ ታሳሪ ቤተሰቦች ያቀረቡበትን ክስ በስምምነት ዘጋ።

ጋሼ ነገሩን ወደ ቤት አመጡት። በ2014 የካናዳው የጥናት ተቋም ሲቲዝን ላብ፣ ውጭ አገር ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች በጣልያኑ ኩባንያ በሃኪንግ ቲም የስለላ ሶፍትዌር እንደተሞከሩ አጋልጦ ነበር። ወጣቱ «እሱ መሣሪያ መሸጥ ነው፣ ሕግ ማክበር አይደለም» አለ። ልዩነት አለው፤ በዚህ እስማማለሁ።

የኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ፖሊስ በር ላይ ከቆመ በኋላ ያን የቤጂንግ ሠራተኛ ጀግና ሁን ማለት ግፍ ነው። ጥፋቱ የተሠራው ከዚያ በፊት ነው። ጋዜጠኛ በሚታሰርበት አገር የሰዎችን ኢሜይል መዝገብ ፖሊስ እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ያኖሩት አለቆቹ ናቸው። ይህ ደግሞ አስቀድሞ የማይታይ አልነበረም። ጉግል በ2006 ቻይና ሲገባ የፍለጋ ውጤቱን ሳንሱር አድርጓል፤ አሳፋሪ ነው፣ እስከ 2010ም አልተወውም። ጂሜይልን ግን እዚያ አላስገባም፤ ሰው አሳልፎ መስጠት እንደሚመጣ አስቦበታል። አፕል በ2018 የቻይና ደንበኞቹን የአይክላውድ (የኢንተርኔት ማከማቻው) መረጃ ጉይዦ ክፍለ ሀገር ላለ፣ ከመንግሥት ጋር ለተሳሰረ ኩባንያ ሲያስረክብ ግን የሺ ታዎን ታሪክ ሁሉም ያውቀው ነበር። ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

ሺ ታዎ የተፈታው በ2013 ነው። ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስሯል።

ወጣቱን ስንወጣ ለብቻው አነጋገርኩት። ቅርንጫፉ ገና አልተከፈተም። ሰርቨሩ የት እንደሚቀመጥ፣ የስንት ወር መዝገብ እንደሚያዝ፣ ጨርሶ የማይያዘው የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ወር ነው። እሱ ደግሞ ስብሰባው ላይ ይቀመጣል።