ጎንበስ ቀና

ትናንት ጠዋት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግረኛው መንገድ ስሄድ አንድ ብስክሌት ጫማዬ ላይ ወጣ። የብስክሌት መስመሩ ባዶውን እዚያው አጠገባችን ተዘርግቷል። ነጂው ደረቱን ከመሪው ለጥፎ፣ አንገቱን ወደ ጎማው ደፍቶ ነው የሚመጣው። ቀና ሲል ለካ የቢሯችን አዲስ ቅጥር! «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ መልሶ አጎነበሰ።

የነፋስን ነገር እኔም አውቃለሁ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለሚበር ሰው መጎንበስ ያዋጣል። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታ በገጠመባት ብስክሌት፣ ክንዱን ደረቱ ሥር አጥፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ነዳ። በዓመቱ አቀማመጡን ከለከሉት። ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስም እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚሁ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ (የእኛዋን ሜክሲኮ አይደለም) የሄደው ሳሳ ያለ አየር ፍለጋ ነው። ይሄ ልጅ ግን ከእኔ እርምጃ እኩል እየሄደ ከየትኛው ነፋስ ሊያመልጥ ነው?

ቢሮም ያው ነው። ሙከራ ላይ ስለሆነ አለቃ ሲገባ ይጎነብሳል፣ ሲወጣ ይጎነብሳል። ያውም አንድ ፋይል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ለመሻገር ሦስት ሳምንት በሚፈጅበት ቤት!

«እስኪያልፍ ያለፋል» ይላሉ፤ የምወዳት ተረት ናት። በ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዘመን ሙከራ ቢበዛ 45 ተከታታይ ቀን ነበር። እኔ የአለቃዬን ጃንጥላ ይዤ፣ ቀልዱን ሳይጨርስ ስቄለት፣ በ44ኛው ቀን ከሰዓት «አልተስማማኸንም» ተባልኩ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ የስንብት ክፍያ የለ፤ ሕጉ ለሙከራ ሰው አያስገድድም። ምኔ እንዳልተስማማቸው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ጃንጥላው አዘንብሎብኝ ይሆን? ጃንጥላው እኮ ራሱ አንድ ዘንጉ ስባሪ ነበር! በ2011 አዋጁ ሲቀየር ያሳጥሩታል ብዬ ስጠብቅ 60 የሥራ ቀን አደረጉት። እሑድ አይቆጠር፣ በዓል አይቆጠር። ወገብ ግን ይቆጥራል።

ብቻ ጫማዬን ረሳሁት። ምሳ ሰዓት ላይ ልጁን ጠርቼ፣ «አንተ፣ መንገድ ላይ እንኳ ቀና ብትል ምን አለበት?» አልኩት።

«ጋሼ፣ መሪው ወርዶ አልነሳ ብሎኝ እኮ ነው። ቋሚ ስሆን አሠራዋለሁ።»

«ስንት ቀን ቀረህ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

እግሬን ከወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።