ማራቶን ባትሮጡስ?

መሮጥ የጀመረ ሰው ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። ቢሮ ይጠየቃል፣ ሠርግ ላይ ይጠየቃል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ይጠየቃል። «ትሮጣለህ አሉ፤ ታዲያ ማራቶኑ መቼ ነው?» «ኧረ እኔ አሥር ኪሎ ሜትር ይበቃኛል» ካለ ጠያቂው በአዘኔታ ያየዋል። «አይዞህ፣ ቀስ እያልክ ትደርስበታለህ» ይለዋል። ሰውየው ግን የትም ልድረስ አላለም። አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጠው አሥር ኪሎ ሜትር ስለሚወድ ነው።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ለእንጀራው ለማይሮጥ ሰው ጥሩ ርቀት ማለት ሮጦ በጨረሰ ማግስት እንደገና የሚያምረው ርቀት ነው። 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ 5፤ 1,500 ሜትር ከሆነም 1,500። ማራቶን የሚወዱ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም፣ ይሩጡ። የሚያሳዝነኝ ማራቶንን ሳይወደው፣ «ሯጭ» ለመባል ብቻ ብሎ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን የሚሸከመው ሰው ነው።

የማራቶን ፍቅራችን ከየት እንደመጣ የማያውቅ የለም። አበበ ቢቂላ በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደገመው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማሞ ወልዴ ተረከበው። ከዚያ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ፣ ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ፣ ቲኪ ገላና በለንደን፣ ታምራት ቶላ በፓሪስ። ይህን ሁሉ ስም የሚጠራ ሕዝብ ማራቶንን ቢያመልክ አይፈረድበትም።

ግን እስቲ ትዝታችንን እንፈትሽ። ከመቀመጫችን ብድግ ያደረጉን፣ ጎረቤቱን ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ የሰበሰቡ ሩጫዎች የትኞቹ ናቸው? ሲድኒ 2000፣ ኃይሌና ፖል ቴርጋት። 10 ሺህ ሜትር ሮጠው በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ባርሴሎና 1992፣ ደራርቱ ቱሉ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ቀድማ ገብታ፣ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን የዞሩበት ምሽት። እሱም 10 ሺህ ነው። ሞስኮ 1980፣ ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር፣ 5 ሺህም 10 ሺህም። ቤጂንግ 2008፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ እሷም ሁለቱንም። ቀነኒሳ በ2005 ብራስልስ ላይ በ10 ሺህ ያስመዘገበው 26፡17.53 እስከ 2020 ድረስ የሚነካው አልተገኘም።

እንዲያውም ከዚያ በታች እንውረድ። ፓሪስ 2024 ላይ አራት ሜዳሊያ ነው ያገኘነው። አንዱ የጽጌ ዱጉማ ብር ነው፣ በ800 ሜትር። ሁለት ዙር ብቻ። መሐመድ አማንም በ2013 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ በ800 ነው። እነዚህን «ገና ማራቶን አልደረሱም» የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት ቱታውን ለብሶ 5 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን የባንክ ሠራተኛ ለምን እንዲህ እንለዋለን?

«ትልልቆቹ አትሌቶች ሳይቀሩ መጨረሻቸው ማራቶን ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ይሄዳሉ። ኃይሌ ከአቴንስ ኦሎምፒክ በኋላ ወደ ጎዳና ወጥቶ በ2008 በርሊን ላይ 2፡03፡59 ሮጠ። ቀነኒሳ በ2014 ፓሪስ ላይ ጀምሮ በ2019 በርሊን ላይ 2፡01፡41 ገባ። ግን ሒሳቡንም እንይ። ገንዘቡ ያለው አስፋልቱ ላይ ነው። 10 ሺህ ሜትር ዳይመንድ ሊግ ከሚባለው ዓመታዊ የትራክ ውድድሮች ሰንሰለት መደበኛ ርቀቶች ውስጥ እንኳ የለም። ትልልቆቹ የከተማ ማራቶኖች ደግሞ ለአሸናፊው ሽልማት ብቻ ሳይሆን ስም ላለው አትሌት ስለመጣ ብቻ ይከፍላሉ። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ የመጨረሻዋ ዙር ፍጥነት ትቀንሳለች፣ ጽናቱ ግን ይቆያል። ለአትሌቱ ማራቶን ሥራ ነው። እኛን የሚከፍለን የለም። መመዝገቢያውንም፣ ጫማውንም፣ በኋላ ፊዚዮቴራፒውንም ከኪሳችን ነው የምናወጣው።

ትዕግሥት አሰፋን የምታነሱብኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ2016 ሪዮ ላይ 800 ሜትር ሯጭ ነበረች። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡11፡53 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ለክርክሬ የማትመች ምሳሌ ናት፣ አልክድም። ግን እሷም የሚሆናትን ርቀት ፈልጋ አገኘች። የእሷ ከሁለት ዙር ወደ 42 ኪሎ ሜትር ወሰዳት። የእኔና የእናንተ ወዴት እንደሚወስደን ሳይሞከር አይታወቅም። መሞከሩ ሳይሆን ሳይሞክሩ መድረሻውን መወሰኑ ነው የማይገባኝ።

የማራቶን ርቀት ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ ሩጫው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት እንዲጀምርና ስታዲየሙ ውስጥ ንጉሣውያኑ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት እንዲያልቅ ሲደረግ ነው 42.195 የመጣው። እስከዚያ ድረስ ርቀቱ ከውድድር ውድድር ይለያይ ነበር። ቁጥሩ የጸናው በ1921 ነው።

ሰውነትም የራሱ ሒሳብ አለው። ጡንቻና ጉበት የሚያጠራቅሙት ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ በግምት 2,000 ካሎሪ ያህል ቢወጣው ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 70 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 10 ኪሎ ሜትር 700 ይበላል፤ ቋቱ አይጎድልም። ማራቶን ግን ወደ 3,000 ይጠጋል። ሯጮች 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ «ግድግዳው» የሚሉት እዚህ ጋ ነው። ይህን ለመሻገር ሰውነት ስብ እንዲያቃጥል ለወራት ማሠልጠን፣ መንገድ ላይም ጣፋጭ እየወሰዱ መሮጥ ያስፈልጋል። ይቻላል። ብዙ ሰው ችሎታል። ብቻ ዋጋው ውድድሩ ቀን ላይ አይደለም የሚከፈለው።

የሚከፈለው እሑድ እሑድ ነው። የማራቶን ዝግጅት ብዙውን ጊዜ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። በየሳምንቱ አንድ ረጅም ሩጫ አለ፤ እያደገ እያደገ 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአንድ ኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ የሚሄድ አማተር ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ያውም ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ባለች፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ሩብ በሚጠጋ ባነሰባት አዲስ አበባ። መኪና ሳይበዛ ለመጨረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መነሣት ግድ ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱ የውሻ ነው፤ እጁ ላይ ድንጋይ ሳይዝ ከሰፈር የሚወጣ ሯጭ ጥቂት ነው። ሲነጋ ደግሞ የሚኒባሱ ጭስ ይጀምራል። ሜዳ ፍለጋ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ልሂድ ያለ የትራንስፖርቱን ሰዓት ይጨምርበት።

ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል። ታጥቦ ጋደም ይላል። የእኛ እሑድ ግን ጋደም የሚሉበት ቀን ነው እንዴ? ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ክርስትና አለ፣ ልቅሶ መድረስ አለ። በሠርግ ወቅት ደግሞ አንድ እሑድ ላይ ሁለት ጥሪ ይደራረባል። ሯጫችን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ጫማውን በጠረጴዛው ሥር አውልቆ ተረከዙን ያሻል። ለጭፈራ ሲጠሩት ጉልበቱን ያሳያል። ሚስት ወይም ባል ከሁለተኛው ወር በኋላ መጠየቅ ይጀምራሉ፤ «እሑድ አለህ ወይስ የለህም?» ጾም ከገባ ደግሞ ሌላ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በአዘቦቱ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት ልምምዱን ሮጦ ውኃ ሳይቀምስ ቅዳሴ ሊቆም ነው። ረመዳንም ያው ነው። ይህን ሁሉ ማራቶንን ለሚወድ ሰው አላወራም፤ እሱ በደስታ ይችለዋል። ለማይወደው ግን አራት ወር ሙሉ ከቤተሰብና ከጎረቤት ተበድሮ የማይፈልገውን ነገር መግዛት ነው።

በአንጻሩ 10 ኪሎ ሜትር ቁርስ ሳይቀርብ ያልቃል። ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ በደንብ ሮጣችሁት ከሆነ ቀላል ነው ብላችሁ አታሞኙኝም። የመጀመሪያዋ ኪሎ ሜትር ውሸታም ናት። እግር ቀላል ይመስላል፣ ትንፋሽ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ሰው ከአቅሙ በላይ ይወጣል። ሦስተኛው ላይ ሒሳቡ ይመጣል። ከአራት እስከ ሰባት ያለው ለእኔ ከሩጫ ሁሉ ምርጡ ነው። ትንፋሽ ከእርምጃ ጋር ይገጥማል፣ ሐሳብ ይቆማል፣ ከፊት ያለውን ሰው ጀርባ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ስምንተኛው ላይ «ምን አገባኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ዘጠኝ ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ ማርሽ መቀየር ትችላላችሁ፤ እንደ ምሩፅ ባይሆንም። አማተር ማራቶን ሯጭ ይህን ደስታ ብዙ ጊዜ አያገኘውም። የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር የሚሮጠው እየቆጠረ ነው። 1,500 ሜትር ደግሞ ከዚህም ይጨክናል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ደቂቃ ነው፣ ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ሳንባ ይቃጠላል። አጭር ርቀት የሰነፍ ነው የሚል ሰው አንድ ቀን ሰዓት ይዞ ይሞክረው።

የአገራችን ትልቁ የሕዝብ ሩጫም ቢሆን ማራቶን አይደለም። ታላቁ ሩጫ በ2001 ሲጀመር 10 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ዛሬም 10 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያውን ኃይሌ ራሱ ነው ያሸነፈው። ኅዳር ላይ መስቀል አደባባይ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሕዝብ ሲሞላ አይታችኋል። ግማሹ ይዘፍናል፣ ግማሹ ይጨፍራል፣ ሰዓት ሊያሻሽል የመጣው ምስኪን «አሳልፉኝ» እያለ በክርኑ ይጋፋል። ጨርሶ «ማራቶን ስላልሆነ አይቆጠርም» የሚል አንድም ሰው እዚያ አላጋጠመኝም። «ቅድሚያ ለሴቶች» የሚባለው የሴቶች ሩጫም 5 ኪሎ ሜትር ነው። እናትና ልጅ አብረው የሚሮጡት አጭር ስለሆነ ነው።

ውጭ ያለ ወገናችን ሸክሙ ይብሳል። «ከኢትዮጵያ ነህ? በቃ ማራቶን ትሮጣለህ ማለት ነው» ይባላል፤ በሕይወቱ ከአውቶቡስ ኋላ በቀር ሮጦ የማያውቅ ቢሆን እንኳ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ከተማዋ ከምትታወቅባቸው ሩጫዎች ሁለቱ፣ በጸደይ የቼሪ አበባው ወቅት የሚካሄደውና በመከር ጦር ሠራዊቱ የሚያዘጋጀው፣ 10 ማይል ናቸው። 16 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ ረዘም ያለ ለሚያምረው፣ ግማሽ ማራቶን ደግሞ ለሚበዛበት ሰው ልክ የተሰፋ ነው።

እኛ የሚጎድለን በሌላው ጫፍ ያለው ነው። አዋቂ ሰው አጭር ርቀት በደንብ ልሩጥ ቢል የት ይሂድ? ትራኩ የአትሌቶችና የክለቦች ነው፤ አማተሩ አስፋልት ላይ ይቀራል። እኔ ማየት የምፈልገው ይህን ነው። በዓመት ውስጥ ጥቂት ቅዳሜዎች፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጃንሜዳም ይሁን ያለን ትራክ ላይ። 800፣ 1,500፣ 5 ሺህ። በዕድሜ የተከፈለ፣ ከ30 በላይ፣ ከ40 በላይ፣ ከ50 በላይ። ደረት ላይ ቁጥር፣ በእጅ የተያዘ ሰዓት ካለ ይበቃል፤ ሜዳሊያው ይቅር። አንድ ዙር ሲቀር ደወሉን የሚደውል ሰው ግን ይኑር። ወጪው ትልቅ አይደለም፤ አትሌት ማናጀር፣ የውጭ እንግዳ፣ አሯሯጭ አያስፈልገውም። አዘጋጅ ከተገኘ 1,500ው ላይ ከ40 በላይ በሚለው ውስጥ እኔን መዝግቡኝ።